የድሮ ክሎን ዲስክ ቡት አድርጎ የኢንክሪፕሽን ሰርቲፊኬት ማውጣት

ፋይሎቹ አሉ። ስማቸው ይታያል፣ መጠናቸው ይታያል፣ ቀናቸውም ልክ ነው። ልትከፍቷቸው ስትሞክሩ ግን ዊንዶውስ «አክሰስ ዲናይድ» ብሎ ፊት ይነሳችኋል። አድሚኒስትሬተር ሆናችሁ ሞከራችሁ፣ የፎልደሩን ባለቤትነት ወደ ራሳችሁ አዞራችሁ፣ ፐርሚሽኑን ሁሉ በረገዳችሁት፣ ወይ ፍንክች። አይኮናቸው ላይ ትንሽ የጓጉንቸር ምልክት ካለ፣ ወይም በቆየ ዊንዶውስ ላይ ስማቸው በአረንጓዴ ከተጻፈ፣ ከፐርሚሽን ጋር መታገሉን ተዉት። ፋይሎቹ በኢኤፍኤስ፣ ዊንዶውስ ውስጥ ባለው የፋይል መቆለፊያ፣ ኢንክሪፕት ተደርገዋል፣ ማለትም ተቆልፈዋል። የሚከፍታቸው ሰርቲፊኬት፣ ማለትም ቁልፉ ያለበት ዲጂታል ሰነድ፣ ደግሞ ከድሮው ዊንዶውስ ጋር ቀርቷል።

አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ እንዲህ ነው የሚሆነው። ዳታው ዲ ላይ ነበር፣ ሲ ፎርማት ተደረገ፣ አዲስ ዊንዶውስ ተጫነ፣ ሁሉም ሰላም ነው ሲባል አንድ የተረሳ ፎልደር ሲከፈት ጉድ ፈላ። ሰርቲፊኬቱን ቀድሞ በፍላሽ ያስቀመጠ ሰው አይቸገርም። ያላስቀመጠ ግን ሲስተም ዲስኩን ከዓመታት በፊት ወደ ትልቅ ዲስክ ሲያዛውር የተረፈ ክሎን፣ ማለትም የዲስኩ ሙሉ ግልባጭ፣ ካለው ገና ተስፋ አለው። ያንን ክሎን አስነስቶ (ቡት አድርጎ)፣ በድሮው አካውንት ገብቶ፣ ሰርቲፊኬቱን ይዞ መውጣት ይቻላል። ሥራው ከባድ አይደለም፣ ግን በችኮላ የሚበላሹ ሁለት ሦስት ቦታዎች አሉት።

የግድ ቡት ማድረግ ለምን?

ፎልደሩን ከክሎኑ ኮፒ አድርጌ ለምን አልገላገልም የሚል ሰው አይጠፋም። ኢኤፍኤስ እያንዳንዱን ፋይል በራሱ ቁልፍ ይቆልፈዋል። ያ ቁልፍ በሰርቲፊኬታችሁ ይፋዊ ቁልፍ ተቆልፎ ከፋይሉ ጋር አብሮ ይቀመጣል፣ የሚፈታው ደግሞ የግል ቁልፋችሁ ብቻ ነው። የግል ቁልፉ ያለው በድሮው ፕሮፋይላችሁ ውስጥ ነው፤ አፕዴታ፣ ከዚያ ሮሚንግ፣ ከዚያ ማይክሮሶፍት፣ ከዚያ ክሪፕቶ። እሱም እንደዋዛ አልተቀመጠም። ጎኑ ባለው ፕሮቴክት በሚባል ፎልደር ውስጥ ያለ ማስተር ኪ ይቆልፈዋል፣ ማስተር ኪውን ደግሞ የሎግኢን ፓስወርዳችሁ። ሳጥን በሳጥን ውስጥ በሉት፣ የውጪውን የሚከፍተው የድሮው ፓስወርድ ነው።

በዚህ ላይ ማስተር ኪው ከአካውንቱ መለያ ቁጥር፣ ኤስአይዲ ከሚባለው፣ ጋር ታስሯል። አዲሱ ዊንዶውስ ላይ በዚያው ስምና በዚያው ፓስወርድ አካውንት ብትከፍቱም ኤስአይዲው ሌላ ስለሆነ ለዊንዶውስ አዲስ ሰው ናችሁ። ፎልደሮቹን ወደ አዲሱ ፕሮፋይል መገልበጥ ዋጋ የሌለው በዚህ ምክንያት ነው። ክሎኑ ሲነሳ ግን ኤስአይዲው፣ ማስተር ኪው፣ የግል ቁልፉ፣ ሁሉም በቦታው ነው። የሚጎድለው ፓስወርድ ብቻ ነው፣ እሱን እናንተ ታስገባላችሁ።

ስለ ክሎኑ ዕድሜ ብዙ አትጨነቁ። ክሎኑ የአምስት ዓመት ቢሆንና ፋይሎቹ ባለፈው ዓመት የተጻፉ ቢሆኑም፣ የተቆለፉት በዚያው ሰርቲፊኬት እስከሆነ ድረስ ይከፈታሉ። ዊንዶውስ ራሱ የሚያወጣው የኢኤፍኤስ ሰርቲፊኬት ለ100 ዓመት የሚቆይ ስለሆነ በመሃል ዊንዶውስ ካልተቀየረ አብዛኛውን ጊዜ ያው አንዱ ነው። ችግር የሚሆነው ክሎኑ የተሠራው ለመጀመሪያ ጊዜ ፋይል ኢንክሪፕት ከመደረጉ በፊት ከሆነ ነው። ያኔ ሰርቲፊኬቱ ገና አልተወለደም ማለት ነው።

መጀመሪያ ፋይሉን ጠይቁት

ዲስክ ከመንካታችሁ በፊት የምትፈልጉት ሰርቲፊኬት የትኛው እንደሆነ እወቁ። ከተቆለፉት አንዱን ፋይል ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ አድቫንስድ፣ ከዚያ ዲቴይልስ። ፋይሉ ባይከፈትም ማን ሊከፍተው እንደሚችልና የሰርቲፊኬቱ የጣት አሻራ፣ ተምፕሪንት የሚባለው ረጅም የቁጥርና የፊደል ድርድር፣ እዚያ ይታያል። ዲቴይልስ አልጫን ካለ የኮማንድ መስኮት ክፈቱና ሳይፈር፣ ስፔስ፣ ስላሽ ሲ፣ ስፔስ፣ ከዚያ የፋይሉን ስም ጻፉ። ያንን ድርድር ወረቀት ላይ ገልብጡት ወይም በስልክ ፎቶ አንሱት። በኋላ ክሎኑ ውስጥ ሦስት ሰርቲፊኬት ብታገኙ ግራ የማትጋቡት በዚህ ነው።

የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከነበረና ዶሜይን ውስጥ፣ ማለትም መሥሪያ ቤቱ በአንድ ላይ በሚያስተዳድረው ኔትወርክ ውስጥ፣ ከነበረ፣ እዚያው መስኮት ላይ ታች ሪከቨሪ ሰርቲፊኬት የሚል ክፍል አለ። እዚያ ስም ተጽፎ ካያችሁ ይህን ሁሉ ጣጣ ትታችሁ የአይቲ ክፍሉን አናግሩ፤ ቁልፉ እነሱ ጋ ሊኖር ይችላል። የግል ኮምፒውተር ላይ ግን ከዊንዶውስ ኤክስፒ ወዲህ እንዲህ ያለ ሪከቨሪ ቁልፍ በራሱ ስለማይፈጠር ይህ ክፍል ብዙውን ጊዜ ባዶ ነው።

ክሎኑን አትንኩት፣ ኮፒውን ንኩት

ዊንዶውስ ሲነሳ ዝም ብሎ አይነሳም። ሎግ ይጽፋል፣ ድራይቨር ይቀይራል፣ አንዳንዴ ዲስክ ልፈትሽ ብሎ ፋይል ሲስተሙን ይነካካል፣ ሁለቴ ሦስቴ መነሳት ካቃተው ደግሞ ስታርታፕ ሪፔር ውስጥ ገብቶ ያሻውን ያደርጋል። ስለዚህ ያላችሁ አንድ ክሎን ብቻ ከሆነ እሱን ቡት አታድርጉ። መጀመሪያ ሴክተር በሴክተር፣ ማለትም አንዳች ሳይቀር፣ ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡት፣ ወይም ሙሉ ኢሜጅ አውጡለት። ዲስኩ ሲነበብ የሚንቀራፈፍ ወይም የሚያንኳኳ ከሆነ ከሊኑክስ ላይ ዲዲሬስኪው የሚባለውን ተጠቀሙ፤ የደከመ ዲስክ ላይ መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን አውጥቶ ለአስቸጋሪው ክፍል በኋላ ይመለስበታል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ሁሉ በኮፒው ላይ ይሁን። ዋናው ተነቅሎ ይቀመጥ።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ነገር፣ ክሎንንና የተገለበጠበትን ዲስክ አንድ ኮምፒውተር ላይ አብሮ መሰካት ነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት የዲስክ መለያ አላቸው። ዊንዶውስ ሁለት ተመሳሳይ መለያ ሲያይ አንዱን ኦፍላይን ያደርገዋል። እናንተም «ለምን አልታየም» ብላችሁ ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ገብታችሁ ኦንላይን ካላችሁት አዲስ መለያ ይሰጠዋል። የቡት መዝገቡ ግን የሚያውቀው የድሮውን መለያ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስታስነሱት «የሚፈለገው ዲቫይስ አልተገኘም» የሚል ጥቁር ወይም ሰማያዊ ስክሪን ያፈጥባችኋል። ስለዚህ ክሎኑን ስታስነሱ ኮምፒውተሩ ላይ ሌላ ዲስክ አይኑር። የሌሎቹን ገመድ ንቀሉ። ይህ ሌላም ጥቅም አለው፤ ክሎኑ ተነስቶ ሳለ በስህተት የአሁኑን ዊንዶውሳችሁን መንካት አይቻልም።

ኔትወርክም ይነቀል። ኬብሉ ይውጣ፣ ዋይፋዩም ይጥፋ። ለዓመታት ተኝቶ የነበረ ዊንዶውስ ኢንተርኔት ካገኘ መጀመሪያ የሚያደርገው አፕዴት ማውረድ ነው። በዚያ ላይ የድሮ ፋይል ከክላውድ ጋር ሲንክ ማድረግ ይጀምርና አሁን ያላችሁን ሊያዘበራርቅ ይችላል።

ማስነሳቱ

ከተቻለ ዲስኩ በፊት የነበረበትን ኮምፒውተር ተጠቀሙ። ካልተቻለ ዕድሜውም ዓይነቱም የሚቀራረብ ፈልጉ። ዲስኩን በቀጥታ ሳታ ገመድ ላይ ስኩት። በዩኤስቢ ኬዝ አድርጎ ቡት ማድረግ ለጊዜ ማጥፊያ ካልሆነ በቀር አትሞክሩት፤ በተለይ ዊንዶውስ 7 ከዩኤስቢ እንዲነሳ ስላልተሠራ መሃል መንገድ ላይ ሰማያዊ ስክሪን ይሰጣችኋል።

ከዚያ ባዮስ ውስጥ፣ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት በሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ ውስጥ፣ ግቡ። ሁለት ነገር ብቻ እዩ። አንደኛ፣ የዲስኩ አከፋፈል ኤምቢአር የሚባለው የድሮው ዓይነት ከሆነ ኮምፒውተሩ በሌጋሲ ወይም ሲኤስኤም በሚባለው መንገድ መነሳት አለበት፤ ጂፒቲ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ከሆነ በዩኢኤፍአይ። የማይገጥም ከሆነ ዲስኩ ጭራሽ በቡት ሜኑ ላይ ላይታይ ይችላል። አንዳንድ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ሌጋሲ የሚባለውን ጭራሽ ትተውታል፣ እንዲህ ከሆነ ታች ወደማነሳው ቨርቹዋል ማሽን (በፕሮግራም ውስጥ የሚሠራ ኮምፒውተር) ብትሄዱ ይሻላል። ሁለተኛ፣ የሳታ ሞድ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ዲስኩን የሚያነጋግርበት መንገድ። የድሮው ዊንዶውስ በኤኤችሲአይ ተጭኖ አሁን ባዮሱ ሬይድ ላይ ከሆነ፣ ወይም በተቃራኒው፣ ዊንዶውስ የራሱን ዲስክ ማየት ያቅተውና መጨረሻው ላይ 7ቢ ያለበት «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» የሚል ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። ይህን ስክሪን ስታዩ ዊንዶውሱ ተበላሸ ብላችሁ ጥገና ውስጥ አትግቡ። ተመለሱና ሞዱን ቀይሩ። አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ይፈታል።

ሰማያዊ ሆኖ የቢትሎከር 48 አኃዝ ቁጥር ከጠየቃችሁ ደግሞ ያ ሌላ ቁልፍ ነው። ቢትሎከር ዲስኩን በሙሉ ነው የሚቆልፈው፣ ቦርዱ ስለተቀየረበትም ነው የጠየቃችሁ። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ተቀምጦ ስለሚገኝ ከሌላ ኮምፒውተር ወይም ከስልክ ገብታችሁ ፈልጉት።

ኮምፒውተሩ ሌላ ከሆነ የመጀመሪያው አነሳስ ረጅም ነው። «ዲቫይሶችን በማዘጋጀት ላይ» እያለ ይቆያል፣ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ራሱን ሪስታርት ያደርጋል። ተዉት። ተነስቶ አክቲቬት አልተደረግሁም ቢላችሁም አትስሙት፣ የምትፈልጉት ለጥቂት ደቂቃ ነው።

ፓስወርዱ ላይ ተጠንቀቁ

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚበላው። የምታስገቡት ክሎኑ በተሠራ ጊዜ የነበረውን ፓስወርድ ነው፣ የዛሬውን አይቀበልም። በማይክሮሶፍት አካውንት ትገቡ ከነበረም ያው ነው፤ ኢንተርኔት ስለሌለ መጨረሻ በዚያ ዲስክ ላይ የተጠቀማችሁበትን ፓስወርድ ይወስዳል። ዶሜይን ከነበረም ዊንዶውስ የቀድሞ ሎግኢኖችን ስለሚያስታውስ ያለ ኔትወርክ መግባት ይቻላል። ፒን ብቻ ትጠቀሙ ከነበረ ግን ቦርዱ ሲቀየር ፒኑ አይሠራም። «ሌላ የመግቢያ መንገድ» የሚለውን ተጫኑና ፓስወርዱን አስገቡ።

ፓስወርዱ ቢጠፋባችሁ «በፍላሽ ቡት አድርጎ ፓስወርድ ማጥፊያ» የሚባሉትን ፕሮግራሞች እንዳትነኩ። እነሱ በር ይከፍቱላችኋል፣ ዴስክቶፑም ይመጣል፣ ፎቶውም የድሮው ነው፣ ሁሉም ያለ ይመስላል። ማስተር ኪው ግን የተቆለፈው በድሮው ፓስወርድ ስለሆነ አዲሱን አያውቀውም። ሰርቲፊኬቱ ተዘርዝሮ ይታያችሁና ቁልፉ አይወጣም። አድሚኒስትሬተር ሌላ አካውንት ላይ ሆኖ ፓስወርድ ሪሴት ሲያደርግም ውጤቱ ያው ነው። ተጠቃሚው ራሱ ገብቶ፣ የድሮውን አስገብቶ ሲቀይር ብቻ ነው ዊንዶውስ ማስተር ኪውን በአዲሱ የሚቆልፈው። ቀድሞ ሪሴት ተደርጎ ከሆነም ሁሉም አላበቃለትም፤ የድሮውን ፓስወርድ ካስታወሳችሁ መልሳችሁ እሱኑ አድርጉት፣ ወጥታችሁ ግቡ፣ ቁልፉ ይመለሳል። ስለዚህ ጊዜያችሁን የድሮውን ፓስወርድ በማስታወስ ላይ አጥፉ። ያኔ የምትወዱት ቃል፣ ያኔ የነበረው ስልክ ቁጥር፣ ከኋላው የምትቀጥሉት ዓመተ ምሕረት፣ የተጻፈበት ደብተር።

ሰርቲፊኬቱን ማውጣት

ገባችሁ እንበል። ሌላ ምንም አትክፈቱ። የዊንዶውስ ቁልፍንና አርን አብራችሁ ተጫኑ፣ በሚመጣው ሳጥን ሰርትኤምጂአር፣ ነጥብ፣ ኤምኤስሲ ብላችሁ ጻፉ። በእንግሊዝኛ ፊደል መሆኑን መቼም አልነግራችሁም። በግራ በኩል ፐርሰናል፣ ከሥሩ ሰርቲፊኬትስ። ኢንቴንድድ ፐርፐዝስ በሚለው ዓምድ ላይ «ኢንክሪፕቲንግ ፋይል ሲስተም» የሚል መስመር ፈልጉ። ሁለቴ ተጫኑት። ከታች በኩል ለዚህ ሰርቲፊኬት የሚሆን የግል ቁልፍ እንዳላችሁ የሚናገር፣ አጠገቡ ትንሽ ቁልፍ የተሳለበት ዓረፍተ ነገር መኖር አለበት። እሱ ከሌለ የያዛችሁት ቁልፍ የሌለው ወረቀት ነው። ዲቴይልስ ውስጥ ታች ወርዳችሁ ተምፕሪንቱን ከገለበጣችሁት ጋር አስተያዩ። የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ ጥቂት ፊደሎች ከገጠሙ እሱ ነው።

አሁን ራይት ክሊክ፣ ኦል ታስክስ፣ ኤክስፖርት። ሁለተኛው ገጽ ላይ «የግል ቁልፉም ይውጣ» የሚለውን ምረጡ። ዊንዶውስ ቀድሞ የሚመርጠው «አይውጣ» የሚለውን ነው፣ ብዙ ሰው ኔክስት ኔክስት እያለ ሄዶ መጨረሻው ላይ ይፋዊ ቁልፍ ብቻ ያለበት፣ ምንም የማይፈታ ፋይል ይዞ ይወጣል። ትክክለኛው ፋይል መጨረሻው ፒኤፍኤክስ ነው። ሲኢአር ከሆነ ተመለሱ። ቀጥሎ «ሲጨርስ የግል ቁልፉ ይሰረዝ» የሚል ሳጥን አለ፣ እሱን ባዶ ተዉት። ፓስወርድ ይጠይቃችኋል፤ አዲስና የማይረሳ ስጡት። ፍላሽ ላይ አስቀምጡት። ሌሎችም የኢኤፍኤስ ሰርቲፊኬቶች ካሉ ሁሉንም አውጡ፣ ቦታ አይፈጁም፣ የትኛው ፋይል በየትኛው እንደተቆለፈ ደግሞ አይታወቅም።

«የግል ቁልፉም ይውጣ» የሚለው ደብዝዞ አልመረጥ ካለ ቁልፉ እንዳይወጣ ሆኖ ነው የተቀመጠው። ግድ የለም። ያኔ ቁልፉን ወደ ፋይሎቹ ከመውሰድ ፋይሎቹን ወደ ቁልፉ አምጡ። የተቆለፈውን ዳታ የያዘውን ዲስክ ስኩ (ሲስተም ዲስኩ ሳይሆን የዳታው)፣ እዚያው ክሎኑ ውስጥ ሆናችሁ ፎልደሩን ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ አድቫንስድ፣ የኢንክሪፕት ምልክቱን አንሱ። ሥሩ ያሉትን ሁሉ ይጨምር ብሎ ሲጠይቅ አዎ በሉት። ፋይሎቹ ያሉት ሊነቀል የማይችል ዲስክ ላይ ከሆነና ለመገልበጥ ስትሞክሩ እምቢ ካለ፣ ሮቦኮፒ ኢኤፍኤስሮው በሚባለው ምርጫ እንደተቆለፉ ሌላ የኤንቲኤፍኤስ ዲስክ ላይ ያዛውርላችኋል።

አልነሳም ካለ

ቨርቹዋል ማሽን አለ። እንዲያውም ዲስኩ ኤስኤስዲ ላይ የሚገባ መጠን ካለው እኔ መጀመሪያ የምሞክረው ይህንን ነው፤ ምክንያቱም ኦሪጅናሉ ሳይነካ እንደፈለጉ ማበላሸትና እንደገና መጀመር ይቻላል። ዲስክ-ቱ-ቪኤችዲ የሚባል ነጻ የማይክሮሶፍት ፕሮግራም ክሎኑን ወደ አንድ ፋይል ይቀይርላችኋል። ሃይፐር-ቪ በሚባለው የማይክሮሶፍት የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራም ላይ ከሆናችሁ ለኤምቢአር ዲስክ ጀነሬሽን 1፣ ለጂፒቲ ጀነሬሽን 2 ምረጡ። ቨርቹዋል ቦክስ ላይ ደግሞ ጂፒቲ ከሆነ ኢኤፍአይ የሚለውን አብሩ። 7ቢ ከመጣ የዲስኩን መቆጣጠሪያ ከሳታ ወደ አይዲኢ ቀይራችሁ ሞክሩ። የኔትወርክ ካርዱን ከማሽኑ ላይ አውጡት። ፒኤፍኤክሱን ለማውጣት ትንሽ ሁለተኛ ቨርቹዋል ዲስክ ጨምሩ፣ እዚያ ላይ ሴቭ አድርጉ፣ ማሽኑን አጥፉ፣ ከዚያ ያንን ዲስክ በራሳችሁ ዊንዶውስ ላይ ክፈቱት።

እሱም ካልሆነ ክሎኑን ሳያስነሱ ፕሮፋይሉን አንብበው ቁልፉን የሚያወጡ ፕሮግራሞች አሉ። ክሪፕቶ፣ ፕሮቴክት እና ሲስተም ሰርቲፊኬትስ የሚባሉት ሦስት ፎልደሮች ይበቋቸዋል። እነሱም ቢሆኑ የድሮውን ፓስወርድ ይጠይቃሉ፣ ከሱ ማምለጫ የለም።

አዲሱ ዊንዶውስ ላይ

ክሎኑን አጥፉ፣ ዲስኮቻችሁን መልሱ። ፒኤፍኤክሱን ሁለቴ ተጫኑ፣ ከረንት ዩዘር፣ ፓስወርዱን አስገቡ። «ይህ ቁልፍ ወደፊት መውጣት ይችል» የሚለውን ምልክት አድርጉበት፤ ያለዚያ ከዓመት በኋላ እዚሁ ቦታ ትገናኛላችሁ። ማስቀመጫው ፐርሰናል ይሁን። ዊንዶውሱ ፕሮ ቢሆን ይመረጣል፣ ሆም ኤዲሽን ከኢኤፍኤስ ጋር አይስማማም።

አንድ ፋይል ክፈቱ። ከተከፈተ ሌላ ነገር ሳትነኩ የሁሉንም ፎልደሮች የኢንክሪፕት ምልክት አንሱ። ፋይሉ አሁንም አክሰስ ዲናይድ ካለ ግን ሰርቲፊኬቱ ሠርቶ ፐርሚሽኑ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ የድሮው ኤስአይዲ ብቻ ነው የተፈቀደለት። ያኔ ባለቤትነቱን ወደ ራሳችሁ አዙሩ፣ አሁን ይሠራል። የቀረ የተቆለፈ ፋይል መኖሩን ለማወቅ ሳይፈር፣ ስላሽ ዩ፣ ስላሽ ኤን ብላችሁ በኮማንድ መስኮት ጻፉ፤ ያሉትን ፋይሉን ሳይነካ ይዘረዝራቸዋል። ዝርዝሩ ባዶ እስኪሆን ድረስ ክሎኑን ፎርማት አታድርጉ። ባዶ ሲሆን ፒኤፍኤክሱን ሁለት የተለያየ ቦታ አስቀምጡ፣ ቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥና ዳውንሎድስ ላይ የቀሩ ቅጂዎች ካሉ አጥፉ፣ ፓስወርዱን ከፍላሹ ጋር አብራችሁ አታስቀምጡ።